«ችግሩ እኔ ነኝ ወይስ ስራው?»

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ይገርማሉ፣ ሰዎቹ ሳይተዋወቁ የተማከሩ ነው የሚመስሉት። ስራ በዛብኝ የሚል ብዙ ደብዳቤ ድሮም ይመጣል፣ ይሄኛው ግን ሌላ ነው፣ ስራው ቤት ድረስ ተከትሎኝ ይመጣል የሚል ነው። ሶስቱን ረዘም አድርጌ መልሻለሁ፣ የቀሩትን መጨረሻ ላይ በአጭር በአጭሩ። ማንነት የሚያስለዩ ነገሮችን አውጥቻለሁ፣ በጣም የረዘሙትንም ቆርጫለሁ፣ ቅር እንዳትሰኙ።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ እንደምን ነሽ። 29 አመቴ ነው፣ አዲስ አበባ አንድ የግል ባንክ ውስጥ ካውንተር ላይ ነው የምሰራው፣ አምስት አመት ሆነኝ። ጠዋት 1:30 እገባለሁ፣ ማታ ባላንስ አድርገን ካዝና ዘግተን ስንወጣ 1 ሰዓት ይሆናል፣ ቅዳሜ ደግሞ እስከ 6። ካውንተር ላይ መዋሉ አይደለም ያማረረኝ፣ ታርጌቱ ነው። በወር ይሄን ያህል አዲስ አካውንት፣ ይሄን ያህል ዲፖዚት፣ ይሄን ያህል ሰው አፕ ላይ ማስመዝገብ እየተባለ ለእያንዳንዳችን ተከፋፍሎ ይሰጠናል። ማታ 4 ሰዓት ላይ ማናጀራችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስማችንን ከነቁጥሩ ይለጥፋል፣ አንደኛ የወጣው ሰው አጠገብ የእሳት ምልክት፣ መጨረሻ ላይ ያለው አጠገብ ኤሊ ያደርጋል። እኔ ኤሊ ሆኜ አላውቅም። እንዳልሆን ግን ያላረኩት ነገር የለም፣ የአክስቴን የእቁብ ብር ከሌላ ባንክ አስወጥቼ እኛ ጋ አስገብቻለሁ፣ ለቅሶ ቤት ቁጭ ብዬ የጎረቤት ልጅ አፑን አውርዶ እንዲመዘገብ አድርጌያለሁ፣ ቤት ገብቼ ሳስበው ነው ያፈርኩት። ባለፈው ደግሞ 2,400 ብር ጎደለብኝና ከኪሴ ከፈልኩ፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ሌሊት 9 ሰዓት እነቃለሁ፣ በህልሜ ብር ስቆጥር ነው የምነቃው፣ ጣቶችሽ ራሱ ይንቀሳቀሳሉ ይለኛል ባሌ። «አንቺ ነሽ የምታካብጂው፣ ሌሎቹ እኮ አንድ ላይ እየሰራችሁ ተኝተው ያድራሉ» ነው የሚለው። ልልቀቅ እንዳልል ስታፍ ሎን ወስደን ኮንዶሚኒየም ገዝተናል፣ ከለቀቅኩ ወለዱ ይጨምራል። አለቃዬ ደግሞ ዘንድሮ ፕሮሞሽን ላይ ስምሽ አለ ብሎኛል፣ አምናም እንደዛው ብሎኝ ነበር። ጥያቄዬ አንድ ነው፣ ችግሩ እኔ ነኝ ወይስ ስራው?
ኤሊ ያልሆንኩት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ ኤሊው ላይ ስደርስ ወረቀቱን አስቀምጬ ቡና አፈላሁ፣ እውነቴን ነው።

ከባልሽ ልጀምር፣ ግማሹ ልክ ነው። ሁለት ሰው አንድ ካውንተር ላይ ጎን ለጎን ውሎ አንዷ ስራውን በሩ ላይ ጥላው ስትሄድ ሌላዋ ይዛው ትተኛለች፣ በሰውና በሰው መሀል እንዲህ ያለ ልዩነት አለ። ስራን ከልክ በላይ ይዞ የማደሩን ጠባይ ተመራማሪዎቹ ኦቨርኮሚትመንት ይሉታል፣ እኛ ጋ ደግሞ «ስራ ነፍሷ ነው» ይባላል፣ ያውም ለሙገሳ። ዮሃንስ ዚግሪስት የሚባል ጀርመን አገር የሰራ ሶሻሎጂስት ይሄን ነገር በመጠይቅ መለካት ችሏል፣ ጥያቄዎቹ ሲታዩ የዋህ ናቸው፦ ጠዋት ከአልጋሽ ስትነሺ ቀድሞ የሚመጣብሽ የስራ ጣጣ ነው ወይ፣ ቤት ስትገቢ ስራውን መርሳት ያቅትሻል ወይ፣ ማታ አብሮሽ ይተኛል ወይ፣ የዛሬውን ለነገ ካሳደርሽ እንቅልፍ እምቢ ይልሻል ወይ፣ የቅርብ ሰዎችሽ ለስራሽ ስትይ ራስሽን ጎዳሽ ይሉሻል ወይ። አንቺ ሳትጠየቂ ለአብዛኛው አዎ ብለሽ ነው የጻፍሽልኝ።

ባልሽ የሳተው ሌላውን ግማሽ ነው። ዚግሪስት በፈረንጆች 1996 ያወጣው ጽሁፍ ውስጥ ጠባይ አንዱ ክፍል ብቻ ነው፣ ዋናው ሚዛኑ ነው። በአንዱ በኩል የምትሰጪው አለ፣ ጊዜሽ፣ ጉልበትሽ፣ ጭንቀትሽ። በሌላው በኩል የምታገኚው አለ፣ እሱ ደግሞ ደሞዝ ብቻ አይደለም፣ ክብርም አለበት፣ ነገም እዚህ አለሁ የሚል ዋስትናና እድገትም አለበት። ሚዛኑ ለአንድ ሰሞን ሳይሆን ለአመታት ወደ አንድ በኩል ካዘነበለ ሰውነት ዝም አይልም፣ በእንቅልፍ ይጀምራል፣ ከዛ ደም ግፊት፣ ከዛ ልብ ይከተላል። እሺ ታዲያ ማዘንበሉን እያየ ሰው ለምን እዛው ይቀመጣል? ሶስት ምክንያት ነው የሚጠቅሰው። አንድ፣ መሄጃ የለውም ወይም መውጫው ውድ ነው። ሁለት፣ አሁን ልጎዳ ግድ የለም ኋላ ይካሰኛል ብሎ ተስፋ ያደርጋል። ሶስት፣ ያ የነገርኩሽ ጠባይ አለበት። አሁን የራስሽን ደብዳቤ መልሰሽ አንብቢው። ስታፍ ሎኑ አንደኛው ነው። «ዘንድሮ ስምሽ አለ» ሁለተኛው ነው። ሁለቱም ከእናትሽ ማህጸን ይዘሻቸው የመጣሽው አይደሉም፣ መስሪያ ቤት ነው የተሰሩት። ወዳንቺ የሚጠጋው ሶስተኛው ብቻ ነው፣ እሱንም ቢሆን ኤሊው በየማታው ውሃ ያጠጣዋል።

ታርጌት በራሱ ሀጢአት አይደለም፣ ባንክ ያለ ዲፖዚት ምኑን ያበድራል። ግን እስቲ አስቢው፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጣ ብር ስትቀበልና ስትከፍል የምትውል ሰው ዲፖዚት የምታመጣው ከየት ነው? ከአክስቷ ነዋ! ነጋዴ ጋ ዞራ እንዳታናግር ካውንተር ላይ ናት፣ ሰዓት እንዳይኖራት ማታ 1 ሰዓት ትወጣለች፣ የቀራት ዘመድና ጎረቤት ነው። ስለዚህ ለቅሶ ቤት ያደረግሽው ነገር ያሳፈረሽ ክፉ ሆነሽ አይደለም፣ የተሰጠሽ ቁጥር በስራ ሰዓት የማይገኝ ስለሆነ ኑሮሽ ውስጥ ገብቶ ነው የሚፈለገው። ያንን ቁጥር ያወጣ ሰው አክስትሽን አስቦ ያወጣው አይመስለኝም፣ ግን ስሌቱ ውስጥ አሉ።

ሌላም ነገር አለ። ሮበርት ካራሴክ የሚባል አሜሪካዊ በፈረንጆች 1979 እንደጻፈው ስራ ሰውን የሚሰብረው ስለበዛ ብቻ አይደለም፣ በዝቶ ደግሞ ሰራተኛው በእጁ የሚወስነው ነገር ሲያጣ ነው። ያንቺ ቀን እንዲህ ይመስለኛል። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ «ሲስተም የለም» ይባላል፣ ሰልፉ በሩ ጋ ደርሷል፣ አንድ ሽማግሌ ደብተራቸውን መስታወቱ ላይ እየደበደቡ ከጠዋት ጀምሮ ቆሜያለሁ ይላሉ። ኔትወርኩን አንቺ አልቆረጥሽው፣ መቀጠልም አትችይ፣ ስድቡ ግን ያንቺ ነው። ሲስተሙ 6 ሰዓት ላይ ሲመለስ ሁሉንም በአንድ ሰዓት ለማስተናገድ ትሯሯጫለሽ፣ 2,400 ብር የሚጎድለው እንግዲህ እዛች ሰዓት ላይ ነው። ጉድለቱ ሲመጣ «ያንቺ ጥንቃቄ» ይሆናል፣ ሲስተሙ ግን የማንም አይሆንም።

አሁን ወደሚቆጠር ነገር እንሂድ፣ ሌሊት 9 ሰዓት የሚያነቃ ነገር ቀን በወረቀት ላይ ሲወርድ ትንሽ ይቀንሳል። ከጠዋቱ 1:30 እስከ ማታ 1 ሰዓት 11 ሰዓት ተኩል ነው፣ ምሳ አንድ ሰዓት ብናወጣ 10 ተኩል፣ በአምስት ቀን 52 ተኩል፣ የቅዳሜው 4 ተኩል ሲጨመር በሳምንት 57 ሰዓት። ለቅሶ ቤቱን ሳንቆጥር ማለት ነው። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ይላል። ስለዚህ ሲያንስ ሲያንስ በሳምንት 9 ሰዓት ትርፍ አለሽ፣ የእናንተ የህብረት ስምምነት ከ48 ያነሰ ሰዓት ካለው ደግሞ ከዛም ይበልጣል። ኦቨርታይም ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ በአንድ ተኩል ነው የሚባዛው። ለምሳሌ ደሞዝሽ 14,560 ብር ቢሆን፣ 48ን በ52 አባዝተሽ ለ12 ስታካፍዪ በወር 208 ሰዓት ይመጣል፣ የአንዱ ሰዓትሽ ዋጋ 70 ብር ነው፣ በአንድ ተኩል 105። በአራት ሳምንት 36 ሰዓት ብለሽ ብታባዢው 3,780 ብር። በየወሩ ለባንኩ በስጦታ የምትሰጪው እንግዲህ ይሄን ነው፣ ያንን ጉድለት ከኪስሽ ስትከፍዪ ግን ማንም ስጦታ አላለውም።

ነገ ሄደሽ ተጣዪ እያልኩሽ አይደለም። ህጉ ትርፍ ሰዓት የሚለው አሰሪው በግልጽ ያዘዘውን ነው፣ ስለዚህ ግሩፑ ላይ «ካዝና ሳይዘጋ ማንም እንዳይወጣ» ምናምን የሚል መልእክት ካለ አትሰርዢው። የገባሽበትንና የወጣሽበትን ሰዓት ለአንድ ወር ደብተር ላይ ጻፊ። የሰራተኛ ማህበር ካላችሁ ብቻሽን አትሂጂ፣ እሱ ጋ ሂጂ፣ ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም። ለካሸሮች ለጉድለት የሚሆን አበል የሚሰጥ ባንክ አለ፣ የእናንተ ምን እንደሚል ጠይቂ። ፕሮሞሽኑን ደግሞ «መስፈርቱ ምንድነው፣ እኔ የቱ ጋ ነኝ» ብለሽ በኢሜይል ጠይቂው፣ አለቃሽ በቃል ሁለት አመት ተስፋ ሰጥቶሻል፣ በጽሁፍ ምን እንደሚል እንየው። ሎኑንም አስሊው፣ ወለዱ ወደ ገበያ ዋጋ ቢመለስ የወር ክፍያሽ በስንት ብር ይጨምራል? ብዙ ሰው ይሄን ቁጥር ሳያውቅ ነው አስር አመት የሚፈራው፣ አንዳንዱ ሲያሰላው በእርግጥም ትልቅ ሆኖ ያገኘዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ለዚች ነው እንዴ ይላል። ግሩፑን ከማታ 2 ሰዓት በኋላ ድምጹን አጥፊው፣ ደረጃሽ ጠዋትም ያው ነው።

እና ባልሽ ተኝተው ያድራሉ የሚላቸውን ልጆች አንድ ቀን ምሳ ላይ ጠይቂያቸው። በተለይ ያንን ኤሊ የሚደረግበትን። እንቅልፉ በዚሁ ከቀጠለ፣ ልብሽም በሃይል መምታት ከጀመረ ሀኪም ጋ ሂጂ፣ ይሄ የማያሳፍር ነገር ነው፣ «ስትረስ ነው» ብለሽ ራስሽ አትደምድሚ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ስምንት ሰራተኞች ያሉኝ የህትመትና የማስታወቂያ ስራ አለኝ። አንድ ግራፊክስ የሚሰራልኝ ልጅ ነበር፣ አራት አመት አብረን ስንሰራ አይሆንም ብሎኝ አያውቅም። የሰርግ ሰሞንና የምርቃት ሰሞን ሌሊት 6 ሰዓት ደውዬለት እንኳ ባነሩን ሰርቶ ይልክልኛል። ከወንድሜ ለይቼ አላየውም ነበር፣ ለፋሲካ በግ እሰጠዋለሁ፣ ሰው ፊት «እሱ ባይኖር ይሄ ቤት ይዘጋ ነበር» እላለሁ። ከዛ ባለፈው ሰኔ ሰኞ ጠዋት መጥቶ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ስልኩ ዝግ ነው። ምን በደልኩት? ደግሞስ ያለ ማስጠንቀቂያ እንዲህ ጥሎ መሄድ ይችላል?
የደነገጠው፣ ከሀዋሳ

መልስ፦ ወንድሜ፣ የህጉን ቶሎ ልጨርሰው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሰራተኛ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት ይላል አዋጁ። ስለዚህ በዛ በኩል አጥፍቷል። ግን እዛው አዋጅ ላይ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ያውም አስቸኳይ ስራ ሲኖር ነው እንጂ በየቀኑ እንዳይሆን ተጽፏል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የተሰራው በ1.75 እንደሚባዛም እንዲሁ። ያልወሰደው የአመት እረፍትም ስራው ሲቋረጥ በገንዘብ ይከፈለዋል። ወደ ክስ ብትሄዱ ሂሳቡ ላንተ የሚያምር አይመስለኝም።

ምን በደልኩት ላልከው፣ ደብዳቤህን ሁለቴ ነው ያነበብኩት፣ በጉ አለ፣ ሙገሳው አለ፣ ወንድምነቱ አለ፣ ደሞዙን በአራት አመት ስንት ጊዜ እንደጨመርክለት ግን የለም። ረስተኸው ከሆነ ይቅርታ። ካልሆነ ግን ነገሩ እዛ ነው ያለው። «ወንድሜ» የተባለ ሰው የኦቨርታይም ሂሳብ ይዞ መምጣት ያፍራል። ወንድሙን ገንዘብ የሚጠይቅ ማን አለ? በጉ ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥህ፣ ግን ሰው በበግ የቤት ኪራይ አያቅድም። ሙገሳውም እንደዛው ነው፣ እሱ ባይኖር ቤቱ ይዘጋ ነበር ስትለው አንተ አመሰገንኩት ትላለህ፣ እሱ የሚሰማው «መታመም አትችልም» የሚለውን ነው።

እኔም ከዚህ ንጹህ አይደለሁም። ድሮ ሰው ሀብት ክፍል ስሰራ የአመቱ ምርጥ ሰራተኛ የሚባል ሰርተፊኬት እናዘጋጅ ነበር፣ አንድ አመት ለአንድ የመጋዘን ሰራተኛ ሰጠነው፣ እረፍት ስላልወጣ። በቃ፣ ምክንያቱ እሱ ነበር፣ ወረቀቱ ላይም ጽፈነዋል፣ «አንድም ቀን ሳይቀር»። በሶስተኛው ወር ስራ ላይ እያለ ወደቀ፣ ስኳሩ ከፍ ብሎ ኖሯል፣ ሀኪም ጋ መሄጃ ቀን አልነበረውም። ሰርተፊኬቱ ላይ ያለው ፊርማ የኔ ነው።

አሁንም ሰባት ሰው አለህ፣ እና እዛ ውስጥ አይሆንም የማይል ሁለተኛ ሰው ይኖራል፣ ስራው ሁሉ አሁን ወደሱ እየፈሰሰ ይሆናል፣ ምክንያቱም እሱን ማዘዝ ይቀላል። ግድግዳ ላይ አንድ ሰሌዳ ስቀልና ማን ስንት ስራ እንደያዘ ሁሉም ይየው። የሌሊት ትእዛዝ የሚያመጣ ደንበኛ የአስቸኳይ ዋጋ ይክፈል፣ ከዛች ጭማሪ ላይ ሰርቶ ላደረው ልጅ ድርሻ ይኑረው፣ ያኔ ደንበኛህ ራሱ ባነሩን ቀን ማዘዝ ይጀምራል፣ ታያለህ። ልጁ ጋ ደግሞ ሰው ላክ፣ ተመለስ ለማለት ሳይሆን ቀሪ ሂሳቡን ለመስጠት።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። 54 አመቴ ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ አሜሪካ የገባሁት በፈረንጆች 2008 ነው። ቀን ዲሲ ዳውንታውን ፓርኪንግ ጋራዥ 40 ሰዓት እሰራለሁ፣ ማታና ቅዳሜ እሁድ በአፕ ሰው እጭናለሁ፣ እሱም 25 እስከ 30 ሰዓት ይሆናል። ልጆቼ ኮሌጅ ጨርሰዋል፣ ባለቤቴም ትሰራለች፣ ሞርጌጁ የሚቻል ነው። ማለቴ አሁን ማንም ግድ አላለኝም። ግን ቅዳሜ ቁጭ ስል የሰው እቃ የሰረቅኩ ነው የሚመስለኝ፣ ስልኩን አንስቼ አፑን እከፍተዋለሁ። አገር ቤት ለወንድሜ ልጆች እልካለሁ፣ እነሱ ሲደውሉ ደግሞ ደህና ነኝ ነው የምለው። ባለፈው ክረምት የደም ግፊት ኪኒን ተጀመረልኝ። ዶክተሯ ስትረስህን ቀንስ አለችኝ፣ የቱን ልቀንስ?
ጋራዡ፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ ጋሼ፣ ዶክተሯ «ቀንስ» ስትል የት እንደሚቀነስ አለመናገሯ እኔንም አናዶኛል።

የመጡበትን አመት መጻፍዎ ጥሩ ነው። በ2008 የመጣ ሰው የገባው ኢኮኖሚው ሲፈርስ ነው፣ በቀጣዩ አመት ጥቅምት ላይ የአሜሪካ ስራ አጥነት 10 ፐርሰንት ደርሶ ነበር። ያኔ አንድ ሺፍት አልችልም ካሉ በማግስቱ ሌላ ሰው እዛ ቦታ ላይ ያገኙታል። ስለዚህ ያኔ ሁሉንም እሺ ማለት ጠባይ ሳይሆን ብልሃት ነበር፣ ልጆቹን ያስተማረው እሱ ነው። ችግሩ ዘመኑ አለፈ፣ ብልሃቱ ግን ሰውነትዎ ውስጥ ቀረ። ዚግሪስት መጀመሪያ ኦቨርኮሚትመንትን የሰውየው የቆየ ጠባይ አድርጎ ነበር ያየው፣ እንደ እርስዎ ያለውን ሰው ሳይ ግን ጠባይ የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ ድሮ የተሰራበት ቦታ ምልክት ነው እላለሁ። ቅዳሜ ሌባ የሚያስመስልዎትም ነገር ያ ነው።

የአለም ጤና ድርጅትና የአለም የስራ ድርጅት በ2021 አብረው ያወጡት ጥናት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዛ በላይ የሚሰራ ሰው ከ35 እስከ 40 ከሚሰራው ሲነጻጸር ስትሮክ የመያዝ እድሉ 35 ፐርሰንት፣ በልብ በሽታ የመሞት እድሉ 17 ፐርሰንት ይጨምራል ይላል። ይሄ ለዛ ሁሉ ሰው የወጣ አማካይ ነው፣ እርስዎን ለማስፈራራት አይደለም፣ ግን እርስዎ 65 እና 70 ሰዓት ላይ ነዎት፣ ግፊትም ተጨምሮ። እንቅልፍ እያዳፋዎ መሪ መያዝ ደግሞ የእርስዎ ብቻ ጉዳይ አይደለም።

የቱን ልቀንስ ላሉት፣ መልሴ የአፑን ነው። የ1938ቱ የፌደራል ህግ ከ40 ሰዓት በላይ ለሰራ ሰው አንድ ተኩል ይክፈል ይላል፣ የሚቆጠረው ግን በአንድ አሰሪ ስር ነው። አርባው ጋራዡ ጋ ሰላሳው አፑ ጋ ከሆነ ሰላሳው ምንም ጭማሪ የለውም፣ አፑ ደግሞ እርስዎን እንደ ራሱ ሰራተኛ ሳይሆን እንደ ግል ተቋራጭ ነው የሚቆጥርዎ፣ ቤንዚኑም ጎማውም በእርስዎ ነው። ጋራዡ ተጨማሪ 6 ሰዓት ቢሰጥዎ የ9 ሰዓት ክፍያ ነው። የመኪናውንም ወጪ ያስሉት፣ አይአርኤስ (የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢው መስሪያ ቤት) ለ2025 ለአንድ የስራ ማይል ያስቀመጠው ሂሳብ 70 ሳንቲም ነው። ሰው አድርሰው ባዶ የተመለሱበትን ጨምሮ አንድ ማታ 80 ማይል ከነዱ 56 ዶላር መኪናው በልቶታል ማለት ነው። ስልኩ ላይ የሚታየው ቁጥር ይሄን አይቀንስም፣ ለዛ ነው ያተረፉ የሚመስለው። ለሁለት ሳምንት ማይሉን ይጻፉና ባለቤትዎ ፊት ያስሉት፣ ሲያስሉት ቅዳሜ ማረፍ ምን ያህል ርካሽ እንደሆነ ያያሉ።

ወንድምዎንም ቢሆን እውነቱን ይንገሩት። «ደህና ነኝ» ሲሉት እሱ በምን ያውቃል፣ ጋራዥ ውስጥ ስንት ሰዓት እንደሚቆሙ አይቶ አያውቅ። በወር ይሄን ያህል እልካለሁ፣ ከዚህ አይበልጥም ብለው ቁርጡን ቢነግሩት እሱም ማቀድ ይችላል። መጀመሪያ ላይ ቅር ይለው ይሆናል። ይበለው።

አጫጭር መልሶች

*«ሱፐርቫይዘር ስለሆንሽ ኦቨርታይም አይመለከትሽም ተባልኩ» ላለችው፦* አዋጁ የማይሸፍነው የስራ መሪን ነው፣ ልክ ነው። ግን የስራ መሪ የሚባለው የአመራር ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም ወይም ሰው የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት፣ የመመደብ፣ የዲሲፕሊን እርምጃ የመውሰድ ስልጣን ያለው ሰው ነው። ባጅ ላይ የተጻፈ ስም ብቻውን መሪ አያደርግም። ሰው ቀጥረሽ ታውቂያለሽ? አንድ ሰው ላይ ማስጠንቀቂያ ፈርመሽ ታውቂያለሽ? ካላወቅሽ ሄደሽ ጠይቂ፣ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል።

*«የአመት እረፍቴን በብር ቀይሩልኝ ብል እምቢ አሉኝ» ላለው፦* እምቢ ማለታቸው ልክ ነው፣ ስራ ላይ እያለህ እረፍትን በገንዘብ መለወጥ አይፈቀድም፣ የተፈቀደው ስራው ሲቋረጥ ነው። የመጀመሪያው አመት 16 የስራ ቀን ነው፣ ከዛ በየሁለት አመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ማዛወር ይቻላል ግን ከሁለት አመት አይበልጥም። ብሩ እንደሚያስፈልግህ ገብቶኛል፣ ግን አንተ ደብዳቤህ ላይ አራት አመት አልወጣሁም ብለሃል፣ እና እኔ የምጠይቅህ ለአራት አመት ማን ነው ሲያዛውርልህ የነበረው ብዬ ነው።

*«ዱቲ ጨርሼ ቤት ስገባ የሞኒተሩ ድምጽ ይሰማኛል፣ በሽተኛ ሲጠራኝም ልቤ እንደ ድሮው አይራራም፣ ክፉ ሰው ሆንኩ?» ላለችው ነርስ፦* አልሆንሽም የኔ እናት። የአለም ጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ በርንአውትን፣ ማለት ስራ ያመጣውን መዛል፣ በሽታ አላለውም፣ ከስራ ጋር የተያያዘ ክስተት ነው ያለው፣ ምልክቶቹንም ሶስት አድርጎ አስቀምጧል፦ ጉልበት ማለቅ፣ ከስራው በልብ መራቅ፣ በስራዬ ውጤታማ አይደለሁም ማለት። አልራራልሽ ያለው ልብ ሁለተኛው ነው። ለሄድ ነርሷ ይሄን እንዳለ ንገሪያትና የሚቀጥለው ወር የዱቲ ፕሮግራም ከመውጣቱ በፊት ሁለት ሌሊት ተከታትሎ እንዳይመደብብሽ ጠይቂ። ከወጣ በኋላ ማስቀየር እንዴት እንደሆነ አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ።